እንደተጻፈው ይነበብ

ነቀምቴ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1982 ዓ.ም.
በኦቦ ገቢሳ እጅ የተላከ

ለእህቴ ለዘርፈሽ ተረፋ፣

ዘርፌ፣ እንዴት ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አዮ አጠገቤ ተቀምጣ «አከም ጅርታ፣ ኢንተለ ኮ?» በይልኝ ትላለች፤ በእኔ አማርኛ «እንዴት ነሽ፣ ልጄ?» ይሆናል። እሷ በኦሮምኛ ስታወርደው እኔ በአማርኛ እየለቀምኩ ነው፤ ግማሹ መንገድ ላይ ቢቀር በእኔ አትፍረጂ። ጩኮውን ለብቻሽ እንዳትጨርሺው፣ የኡኬውን ማር ለፈረንጅ አስተማሪሽ አቅምሺያት፣ በብርዱ ጆሮሽን ሸፍኚ ብላለች። አሁን ተነሥታ ወጣች፤ ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ነው።

ኦቦ ገቢሳ ለቤተ ክርስቲያን ስብሰባ እናንተ አገር ሲሄዱ ለእኔ እግዜር የላከልኝ ፖስተኛ ሆኑ። ስለዚህ ለአንድ ቀን እንኳ ቀጥ አድርጌ ልጻፍልሽ። አዎ፣ የጠረጠርሽው ልክ ነው። በሰኔ በፖስታ «ጥጃው ወፍሮ በበር አልገባ አለ» ብዬ የጻፍኩት ወንድማችን ባቻ ከስቶ ልብሱ ድንኳን ሆኖበታል ማለቴ ነው። «ሣሩን ሁሉ ጨረሰው» ያልኩት ምግብ አልወርድ ብሎታል ማለቴ ነው። አባባ ከተወሰደ ወዲህ በፖስታ የምንጽፈውን ሁሉ ዘቅዝቀን ስንጽፍ፣ ክፉውን ደግ፣ እምቢውን እሺ ስንል፣ እኔ እንኳ ቀጥታ መናገር ሊጠፋኝ ነው። አንዳንዴ ክፍል ውስጥ ቆሜ ለተማሪዎቼ «ፀሐይ በምዕራብ ትወጣለች» ልል ይቃጣኛል። ጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኜ!

ባቻ ከግንባር የተመለሰው በግንቦት ነው። ቁስል የለውም። አዮ ልብሱን አስወልቃ እንደ ሕፃን አገላብጣ አየችውና ጥይት ስላላገኘች «ተመስገን» ብላ ተንበረከከች። ከዚያ ወዲህ አንጮቴ ትቀቅልለታለች፣ ወተት ታጠጣዋለች፤ እሱ ግን ሳሉ አይለቀውም፣ ተቅማጡ አይቆምም፣ በአንገቱ ሥር እንደ ባቄላ ያለ ነገር አብጦበታል። የጦር ሆስፒታሉ ሐኪም ለብቻዬ ጠርቶ የነገረኝን ለአዮ አልነገርኳትም። በወረቀትም አላሰፍረውም። ኦቦ ገቢሳ በአፋቸው ይነግሩሻል፤ ተቀምጠሽ ስሚ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ነጭ ካፖርት ለብሰሽ የተነሣሽውን ፎቶ አዮ በመስታወት አሠርታ ሰቅላዋለች። በጀርባው «በሰውነት ውስጥ የተኛውን ዘበኛ የሚቀሰቅስ ነገር እንሠራለን» ብለሽ የጻፍሽውን አንብቤላት ነበር። ምነው ባላነበብኩላት! አሁን የጸሎት ቤቱ ሴቶች፣ የገበያው ሰው፣ ሱቅ ያለው ሸዋርጋ ሳይቀር፣ ልጇ የተኛ ዘበኛ የሚቀሰቅስ መድኃኒት እንደምትሠራ ያውቃል። ሐኪሙም ያለኝ ይህንኑ ነው፤ የባቻ ዘበኞች አልቀዋል፣ የቀሩትም አይሠሩም አለኝ። ታዲያ ዘርፌ፣ ያ ነገር በእጅሽ ካለ ለማን ብለሽ ነው የምታስቀምጪው? መድኃኒት ነው እንዳላልሽ አውቃለሁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም ቸግሮኛል።

አዮ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ የአባባን ጋቢ ታጥባለች። ማንም ሳይለብሰው ታጥቦ፣ ተሰጥቶ፣ ታጥፎ ይገባል። አባባ ከታሰረበት እስር ቤት የወጡ ሰዎች ወደ እናንተ አገር እየገቡ ነው ይባላል። ስለ «ጉቴው ሠርግ»፣ ስለ አባባ ማለቴ ነው፣ የሰማሽው ነገር ካለ ንገሪኝ። እኔ እንደሆነ ጉቴን ሳያት ሠርግ ያላት ከተማ አትመስለኝም።

እህትሽ ቀለሟ


ኡፕሳላ፣ መስከረም 9 ቀን 1983 ዓ.ም.
በኦቦ ገቢሳ እጅ የተላከ

ቀለሜ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ጩኮው እዚህ ሲከፈት ቤቱ ሁሉ ነቀምቴን ሸተተ። አስተማሪዬ ማሩን ዳቦ ላይ ቀብታ ዓይኗን ጨፈነች፤ ለአዮ ንገሪልኝ፣ ደስ ይላታል። ለደብዳቤሽ መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ኦቦ ገቢሳ የነገሩኝን ከሰማሁ በኋላ ለብዙ ቀን ደብዳቤ እየጀመርኩ ቀደድኩ።

ስለ ጉቴው ሠርግ ለጠየቅሽኝ የምነግርሽ ነገር ሲኖር እነግርሻለሁ። አሁን አትጠይቂኝ።

ስለ ሥራዬ ግን በግልጽ ልንገርሽ፤ አዮን ያሳሳትኳት እኔ ነኝና። በደማችን ውስጥ የሚዞሩ ዘበኞች አሉ። ዘበኛው ሌባውን በዓይኑ ቢያይም ብቻውን አይነሣም። ከጎረቤት አንድ ሰው «ያዘው!» ብሎ መጮኽ አለበት። ሁለቱ ሲገጥሙ፣ ማየቱና ጩኸቱ፣ ያኔ ይነሣል። ጩኸቱ ከሌለ ጭራሽ ይተኛል፤ ሌላ ቀን ያንኑ ሌባ ቢያይ እንኳ አይነቃም። እኛ የምንሠራው ያንን «ያዘው» የሚለውን ድምፅ ነው። ድምፁ ፕሮቲን ነው። የአሠራሩን ትእዛዝ ከሰው ሴል ቀድተን ሃምስተር በምትባል አይጥ መሰል እንስሳ ሴል ውስጥ እናስገባዋለን፤ ያ ሴል በጠርሙስ እየተራባ ያመርትልናል። አጣርተን እናደርቀውና በትንሽ ጠርሙስ እናስቀምጠዋለን። ዱቄቱ በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፤ ባዶ ጠርሙስ ነው የሚመስለው።

ይህ ሁሉ ለምርምር ነው። በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ያለ ደም ላይ ጠብ አድርገን ዘበኞቹ ሲነቁ ወይም ሲተኙ እናያለን፤ ከዚያ በላይ አልሄድንም። በነቀምቴ ሆስፒታል ላቦራቶሪ አለቃዬ የነበረው ዓምደሚካኤል የሥጋ ደዌ ሕሙማን ዘበኞች ለምን እንደሚተኙ ለማወቅ ሲመኝ ኖሯል። አስተማሪዬን አስፈቅጄ አንድ ጠርሙስ ልኬለታለሁ። ኦቦ ገቢሳ በቀጥታ ለእሱ እንዲሰጡት ለምኛቸዋለሁ። ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።

ቀለሜ፣ ጠርሙሷ ለባቻ አይደለችም። በማንም ሰው ሰውነት ገብታ አታውቅም። አትስጡት። መርፌ የሚባል ነገር አታስጠጉባት። ይህን ስጽፍ እያለቀስኩ ነው።

ኦቦ ገቢሳ ሰሞኑን ቦሌ ላይ ወረቀት ሁሉ ይነበባል ስላሉኝ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ባቻን ሳሚልኝ። ያፈላችሁትን ውኃ ይጠጣ፣ ለሳሉ ሆስፒታል የሚሰጡትን ኪኒን አያቋርጥ።

እህትሽ ዘርፈሽ


ነቀምቴ፣ ኅዳር 4 ቀን 1983 ዓ.ም.
በፖስታ

ለውድ እህቴ፣

አብዮታዊ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ በጣም ደኅና ነን። ጥጃውም እንደ ሰኔው አይደለም፣ ከዚያ ይልቅ እጅግ ወፍሯል፤ በራሱ እግር እየሮጠ ወደ ደጅ ይወጣል።

ኦቦ ገቢሳ በሰላም ገቡ። መንገድ ላይ ማንም ሻንጣቸውን አልነካባቸውም፤ ደብዳቤሽንም ከእኔ በፊት ያነበበ ሰው የለም። እንደ አገራችን ወግ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ቢሮ ነው፤ ከውጭ የመጣ ዕቃ እናት ሳታየው ጎረቤት ሳይሰበሰብ አይከፈትም የሚሉት ተረት ነው። አዮ ጠርሙሷን በመዳፏ ይዛ አልጸለየችባትም። ሴቶቹም አላለቀሱም።

ዓምደሚካኤል እዚሁ ሆስፒታል አለ። ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦር ሆስፒታል፣ የተዛወረ የለም። ስለዚህ ጠርሙሷን ወዲያው አስረክበናል። በእሱ ስም መላክሽ አላስገረመንም። አንቺም ከድሮም ብልጥ አይደለሽም፤ አዮ «ይህቺ ልጅ የእኔ አይደለችም» ብላ ስትቆጣ ነው የዋለችው። በሸዋርጋ ፍሪጅ ውስጥ ከለስላሳ በቀር ምንም ነገር የለም። እየተመላለስን አናየውም።

አትስጡት፣ መርፌ አታስጠጉ ያልሽው በደንብ ገብቶናል። እንደለመድነው ነው ያነበብነው። እንግዲያው አንሰጥም። ድሬሰር ደረሳ ገና በዋለ በሳምንቱ አይመጡም። መርፌያቸውን አይቀቅሉም፤ ጥጃውንም አይወጉትም። ጥጃው ራሱ እምቢ ብሏል፣ አዮም ተስፋ ቆርጣለች። እኔም ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ አድራለሁ እንጂ እንደ ሰው አልተኛም።

ገለቶሚ አልልሽም። ምን አደረግሽልንና!

እህትሽ ቀለሟ


ኡፕሳላ፣ ኅዳር 27 ቀን 1983 ዓ.ም.
በፖስታ

ቀለሜ፣ ቀለሜ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። የደብዳቤ መደርደሪያው ሥር ቁጭ ብዬ አነበብኩት።

ስልክ ልደውል ሄድኩ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ ያለው መስመር አይሠራም አሉኝ። ቴሌግራም ልላክ ብዬ ወረቀቱን ፊቴ ዘረጋሁ። ምን ብዬ ልጻፍበት? «አትወጉት» ብል ትወጉታላችሁ። ያላችሁኝም ይህንኑ ነው፤ «አንሰጥም» ማለታችሁ እንሰጣለን፣ «አይወጉትም» ማለታችሁ ይወጉታል ነው። «ውጉት» ብዬ ልጻፍ ብል ደግሞ አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀጥታ ብታነቡት በገዛ እጄ ወንድሜን ገደልኩ ማለት ነው። እንግዲህ በየትኛው አፌ ልናገር? እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያን ዘቅዝቆ መጻፍ አባባን ያድናል ብለን ነው የጀመርነው።

ስለዚህ በፖስታ፣ በራሴ ስም፣ ቀጥ አድርጌ እጽፋለሁ። የሚከፍተው ሰው ይክፈተው። እሱም እንደተጻፈው ያንብበው።

ጠርሙሷን ለዓምደሚካኤል የላክሁት ለዓምደሚካኤል ብዬ ነው። መዛወሩን አላውቅም ነበር። «ለባቻ አይደለችም» ያልኩት ለባቻ ስላልሆነች ነው። ስለ ቦሌ የጻፍኩት እንድታገላብጡት ምልክት ልሰጣችሁ አልነበረም፤ የማወራው አጥቼ ነው። አለማሰቤን ይቅር በሉኝ።

ባቻ ያለበት ኤድስ ነው። ይኸው ስሙን ጻፍኩት። ያ ቫይረስ የሚደበቀው በራሳቸው በዘበኞቹ ውስጥ ነው። የተኛውን ዘበኛ ስትቀሰቅሺው አብሮት ሌባው ይነቃል፣ ይራባል። እኛ የምንሠራው ድምፅ ደግሞ ሌባና ቤተሰብ አይለይም፤ በደም ሥር ቢገባ ማንን አስነሥቶ በማን ላይ እንደሚያዘምት የሚያውቅ ሰው እዚህም የለም። ለሰው ተብሎም አልጸዳም፤ ከሴሎቹ የተረፈ ቆሻሻ ይኖርበታል፣ እሱ ብቻውን ትኩሳት አስነሥቶ የደከመን ሰው ይገድላል። ለባቻ መድኃኒት ቢኖረኝ በእጄ ይዤ፣ በእግሬም ቢሆን፣ እመጣ ነበር። የለኝም። ይህን ለመጻፍ ምን ያህል እንደሚያመኝ ብታውቂ!

አሁን በቀጥታ እየጻፍኩ መሆኔን በምን ታምኚኛለሽ? ብዙ አሰብኩ። ማንም ሰው በፖስታ የማይጽፈውን፣ እኔም ዓመት ሙሉ በሆዴ የያዝኩትን ልጻፍልሽ።

አባባ ሞቷል። ገብረመስቀል የሚባል ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ታስሮ የነበረ ሰው አምና ስቶክሆልም ገብቶ አገኘኝ። አባባ በታሰረ በሁለተኛው ክረምት በተቅማጥ ታመመ፤ ሐኪም ለምነውለት ከለከሏቸው። ነፍሱ ስትወጣ ራሱ በገብረመስቀል ጭን ላይ ነበር። መጨረሻ ላይ ውኃ ብቻ ነው የጠየቀው። የት እንደቀበሩት ገብረመስቀል አያውቅም።

ይህን ለአዮ ንገሪያት አልልሽም። ግን ለማስቆም ሌላ መንገድ ካጣሽ ንገሪያት።

ዘርፈሽ


ኡፕሳላ፣ ጥር 16 ቀን 1983 ዓ.ም.
በፖስታ

ቀለሜ፣

ገና አለፈ። ጥምቀትም አለፈ። ከእናንተ ምንም የለም። ላቦራቶሪ ገብቼ ቱቦ አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። አስተማሪዬ «ወንድምሽ እንዴት ሆነ?» ስትለኝ የማይገባኝ መስዬ አልፋታለሁ። ምንም ይሁን ምን ጻፊልኝ። ሞቷል ብለሽም ቢሆን ጻፊልኝ፤ ግን ብትጽፊውም እንዴት አድርጌ እንደማነበው አላውቅም።

ዘርፈሽ


ነቀምቴ፣ የካቲት 10 ቀን 1983 ዓ.ም.
በፖስታ

ዘርፌ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ለመዘግየቴ ይቅርታ፤ ለቅሶ ላይ ነበርን። ባቻ አይደለም፣ አትደንግጪ። ባቻ አለ። ላስረዳሽ።

ገና ከዋለ በሳምንቱ ጠዋት አንድ ሰው ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ስሙን ወደማንጠራው ቢሮ ወሰደኝ። ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤሽ ተከፍቶ፣ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት ተዘርግቷል። የማላውቀው አለቃ ነው። አስቀድሞ አንድ ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ «ዘበኞቹ እነማን ናቸው?» አለኝ። «ድምፁ ማንን አስነሥቶ በማን ላይ ነው የሚያዘምተው? ሌባው ከዘበኛው ጋር አብሮ ይነቃል ማለት ምን ማለት ነው? የኮዱን መፍቻ አምጪ» አለኝ። ዘርፌ፣ አልዋሽሽም፣ በፍርሃቴ መሐል ሳቄ መጣ። ተማሪ ቢሆን ጎበዝ ብዬ ማርክ እሰጠው ነበር።

ግን እኔም ከእሱ አልሻልኩም። «አባባ ሞቷል» የሚለው ላይ ስደርስ ልቤ በደስታ ዘለለ። አለ ማለት ነው አልኩ! በፖስታ ነው የመጣው፣ ሞቷል ካለች በሕይወት አለ! እሱ አለ ማለት ደግሞ ጠርሙሷም ለባቻ ናት። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ የሚያስረኝ ሰው ፊቴ ቆሞ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እህቴ በደብዳቤዋ ሁሉን ሰጠችኝ አልኩ።

አለቃው ሲሰለቸው ሞረዳን ጠርቶ «አስወጣት፣ በኋላ እንፈልጋታለን» አለው። ሞረዳን ታስታውሺዋለሽ፤ ስድስተኛ ክፍል ከአንቺ ኋላ ይቀመጥ የነበረው፣ በኋላ ካኪ የለበሰው። ከያኔ ጀምሮ ሰላምታ ሰጥቼው አላውቅም። በሩ ጋ ሲደርስ ከጠረጴዛው ላይ ያነሣውን ደብዳቤሽን ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠና ወደ መሬት እያየ «ቀለሟ፣ ያ ኮድ አይደለም» አለኝ። «ስለ አባትሽ የጻፈችው እውነት ነው። ያን ክረምት በር ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሐኪም ሲለምኑ ሰምቻለሁ። አስከሬኑን ያወጣነውም እኛ ነን። ስለ መድኃኒቱ አላውቅም» አለኝ። ከዚያ ተመልሶ ገባ።

እንግዲህ አየሽ፣ ደብዳቤሽ አንድ ነው። እየቆረጥኩ ግማሹን ዘቅዝቄ ግማሹን አቅንቼ ላነበው አልችልም። ዘቅዝቄ ካነበብኩት አባባ አለ፣ ባቻም ይድናል። አቅንቼ ካነበብኩት ሁለቱንም አጣሁ። 

ቤት ስገባ ድሬሰር ደረሳ መርፌያቸውን ምድጃ ላይ ጥደው ውኃው ይፍለቀለቃል። ሸዋርጋ ጠርሙሷን በበረዶ ጠቅልሎ ራሱ አምጥቷታል። ባቻ እጅጌውን ሰብስቦ ተቀምጧል፤ ክንዱ የሕፃን ክንድ ሆኗል። ሴቶቹ ይዘምራሉ። እኔ ቆሜ «ከዘርፈሽ ደብዳቤ መጥቷል» አልኩ። ሴቶቹ መዝሙሩን አቆሙ፤ ምርቃት የሚሰሙ መስሏቸዋል። የባቻን በሽታ ዘልዬ ለአዮ በኦሮምኛ አነበብኩላት። አባባ ሞቷል የሚለው ላይ ስደርስ ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ? እልል አለች። ከመደቡ ተነሥታ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ ሦስት ጊዜ እልል አለች። «ሞቷል ካለች አለ! ልጄ በፖስታ እውነት ጽፋ አታውቅም!» ብላ ሴቶቹን አቀፈች። እነሱም አብረዋት እልል አሉ። ዘርፌ፣ ያን እልልታ ከጆሮዬ የሚያወጣልኝ ባገኝ! ዝም ልል ነበር። እውነቱን ነው የምነግርሽ፣ ዝም ልል አፌን ዘግቼ ነበር።

ድሬሰር ደረሳ ጠርሙሷን ሲያነሡ ግን «አዮ፣ ሞረዳን አግኝቼዋለሁ» አልኳት። ያለኝን ሁሉ ነገርኳት። አዮ እጇ ከአንዷ ሴት ትከሻ ላይ ሳይወርድ ቆመች። «ሞረዳ ነው ያለሽ? ያ ካኪ ለባሹ?» አለች። አዎ አልኳት። «እሱ ምን ተጠቅሞ ይዋሸኛል?» አለች።

ከዚያ ጓዳ ገባች። የአባባ ጋቢ ከሚቀመጥበት ሣጥን ክዳን ድምፅ ሰማን። ስትወጣ ጋቢውን በክንዷ ላይ ታጥፎ እንዳለ ይዛለች፤ ነጠላዋን ግን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ለብሳለች። ድሬሰር ደረሳ ነጠላዋን አዩ። ጠርሙሷን ለሸዋርጋ መልሰው ሰጡት፣ ውኃውን ከምድጃው አወረዱ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሌላውም ተቀመጠ። ለአባባ ከስንት ዓመት በኋላ ያን ዕለት አለቀስንለት።

ባቻ እጅጌውን መልሶ ቆለፈ። ማታ ሰው ሲሄድ ስለ እሱ የጻፍሽውንም አነበብኩለት። «አውቅ ነበር፤ መርፌውን እሺ ያልኩት ለአዮ ብዬ ነው» አለኝ። አሁን አዮም ታውቃለች። ከእሱ ጋር በአንድ ሳህን ትበላለች፤ አንቺ እንደጻፍሽው ውኃውን ታፈላለች፣ ኪኒኑን ራሷ ትሰጠዋለች። ጠርሙሷ አልተከፈተችም። ዓምደሚካኤል ቢመለስ ያገኛታል፤ ሸዋርጋ መብራት በጠፋ ቁጥር በረዶ ፍለጋ ይሮጣል፣ ለጥናት ነች ብንለውም «አደራ ነች» ይላል።

አንቺን ግን ተቀይሜሻለሁ። ዓመት ሙሉ አዮ ያን ጋቢ ስታጥብ እያወቅሽ ዝም አልሽ። እዚህ ሆነሽ ቢሆን አላነጋግርሽም ነበር። ደግሞ ያን ደብዳቤ ባትጽፊው ኖሮ ባቻን በገዛ እጃችን ገድለነው ነበር፤ እወድሻለሁም። ሁለቱንም በአንድ ላይ ያዢው።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ነው የምልከው። ኦቦ ገቢሳ በሰው እጅ እልክልሻለሁ ብለውኝ ነበር፤ እምቢ አልኳቸው። አለቃውም በቀይ ያስምርበት፣ መፍቻ የለውም። አዮ «አልተቀየምኩሽም በያት» ብላለች። እኔ ከእንግዲህ ዘቅዝቄ አልጽፍልሽም፤ አንቺም ዘቅዝቀሽ አታንብቢኝ።

ባቻ ደኅና አይደለም።

እህትሽ ቀለሟ